የቮልስዋገን ቢትል ሞተርና ካምቢዮ ቅያሪ

የሞተርና ካምቢዮ ቅያሪ ማለት የአንድን መኪና ሞተርና ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ከቦታቸው አውርዶ በሌላ መተካት ነው። ሥራው የሚያስፈልገው ሞተሩ አርጅቶ ዘይት ማቃጠል ሲጀምር፣ ካምቢዮው ማርሽ አልይዝ ሲል ወይም ባለቤቱ ከፍ ያለ ጉልበት ሲፈልግ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በጋራዥ ይሠራል፤ በግቢያቸው የሚሠሩትም ጥቂት አይደሉም። ለዚህ ሥራ ለጀማሪ ከሚመቹ መኪናዎች አንዱ የጀርመኑ ቮልስዋገን ቢትል ሲሆን፣ በኢትዮጵያ በአጭሩ «ቮልስ» ይባላል።

የቢትልን ሞተር ማውረድ ራሱ የጥቂት ሰዓት ሥራ ነው። ዋናው ሥራ ከዚያ በፊት ያለው ዝግጅት ነው፦ ተለዋጩ ሞተር ከካምቢዮው ጋር መግጠሙን ማረጋገጥ፣ መኪናውን ከፍ አድርጎ ያለ ስጋት ማቆም፣ ቤንዚኑንም ከእሳት መለየት። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ሥራው መሃል ላይ ይቆማል ወይም በሰው ላይ ጉዳት ይደርሳል።

የመኪናው አሠራር

ቢትል በፌርዲናንድ ፖርሼ መሪነት የተነደፈ ሲሆን ከ1938 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ድረስ 21,529,464 ያህል ተመርቷል። የመጨረሻው መኪና በሜክሲኮ ፑዌብላ ከተማ በሚገኘው ፋብሪካ ተሠራ።

ሞተሩ ከመኪናው ኋላ ይገኛል። አራት ሲሊንደሮቹ ሁለት ሁለት ሆነው በግራና በቀኝ የተኙ ናቸው። የሚቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ ራዲያተር፣ የውሃ ፓምፕና የውሃ ቱቦ የለውም። ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ በአንድ ሳጥን ውስጥ ሆነው ከሞተሩ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ከፊት ወደ ኋላ ኃይል የሚያስተላልፍ ረጅም ዘንግም አያስፈልገውም። ሞተሩ 110 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘውም በ17 ቁልፍ በሚፈቱ አራት ማሰሪያዎች ብቻ ነው። ቢትል ለጀማሪ ይመቻል የሚባለው ስለዚህ ነው።

ምን ከምን ይገጥማል

የአራቱ ማሰሪያዎች ቦታ በአብዛኞቹ የቢትል ሞተሮች ላይ አንድ ዓይነት ነው። ይህ ግን ጀማሪን ያሳስታል፤ ብሎኑ መግባቱ ሞተሩ ይሠራል ማለት አይደለም። ተለዋጭ ከመገዛቱ በፊት የሚከተሉት ይጣራሉ።

የሞተሩ መጠን። የተለመዱት 1200 (1192 ሲ.ሲ.)፣ 1300 (1285 ሲ.ሲ.)፣ 1500 (1493 ሲ.ሲ.) እና 1600 (1584 ሲ.ሲ.) ናቸው። የሞተር ቁጥሩ ከዲናሞው ማቆሚያ ሥር በሞተሩ አካል ላይ ተመትቶ ይገኛል። የመጀመሪያዎቹ ፊደላት የሞተሩን ዓይነት ያመለክታሉ። ለምሳሌ «ኤፍ» 1300ን፣ «ኤች» 1500ን፣ «ኤዲ» ደግሞ 1600ን ያሳያል። በዕድሜው ብዛት የተበታተነና እንደገና የተገጠመ ሞተር ስለሚበዛ ግን ፊደሉ ብቻውን በቂ ማስረጃ አይደለም።

ቮልቴጅና ቮላኖ። ቮላኖ ከክራንክሻፍቱ ጫፍ ላይ የሚታሰረው ክብና ከባድ ጥርሳም ብረት ነው። የባለ 6 ቮልት መኪና ቮላኖ 109 ጥርስ፣ የባለ 12 ቮልቱ ደግሞ 130 ጥርስ አለው። አብዛኞቹ ቢትሎች ከ1967 ሞዴል ጀምሮ ወደ 12 ቮልት ተዛውረዋል፤ አንዳንድ ርካሽ የ1200 ሞዴሎች ግን ከዚያ በኋላም በ6 ቮልት ቀጥለዋል። ስለዚህ በዓመተ ምሕረቱ ብቻ መፍረድ አይቻልም፤ ጥርሱ መቆጠር አለበት። ባለ 130 ጥርሱ ቮላኖ በስፋቱ ስለሚበልጥ በአሮጌው ባለ 6 ቮልት ካምቢዮ ውስጥ ግድግዳውን ይነካል፤ ለመግጠም ግድግዳው መሞረድ ይኖርበታል። የሞተሪኖውም ጥርስ ከቮላኖው ጥርስ ጋር መመሳሰል አለበት።

ፍሪሲዮን። በትናንሾቹ ሞተሮች ላይ የፍሪሲዮኑ ዲስኮ ስፋት 180 ሚሊ ሜትር፣ በ1500 እና በ1600 ላይ ደግሞ 200 ሚሊ ሜትር ነው። ዲስኮውና ዲስኮውን የሚጫነው ሳህን ከቮላኖው ጋር በመጠን መግጠም አለባቸው። የፍሪሲዮን ኩሽኔታውም ሁለት ዓይነት ነው። የቀደመው ዓይነት በሳህኑ መሃል ያለ ቀለበትን ይገፋል። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ የመጣው ደግሞ በካምቢዮው ላይ በተሠራ ቱቦ እየተንሸራተተ የሳህኑን ጣቶች በቀጥታ ይገፋል። ቀለበት ያለው ሳህን ከኋለኛው ኩሽኔታ ጋር አብሮ አይሠራም።

የኋላ አክስል። በአሮጌዎቹ ካምቢዮዎች ላይ አክስሉ በቱቦ ተሸፍኖ ከካምቢዮው ጋር አንድ ላይ ይወርዳል። በኋለኞቹ ላይ አክስሉ በሁለቱም ጫፍ መጋጠሚያ ስላለው ተነጥሎ ይፈታል። አንዱን በሌላው ለመተካት የመኪናውን ሻንሲ በብየዳ ማሻሻል ይጠይቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው ተመሳሳዩን ዓይነት መፈለግ ይሻለዋል።

የካምቢዮው ምንጭ። እስከ 1967 ሞዴል ድረስ የተሠራው የቮልስዋገን ሚኒባስ በኋላ ጎማዎቹ ላይ ተጨማሪ ጥርስ ስለነበረው የዲፈረንሻሉ አዟዟር ከቢትል ተቃራኒ ነው። የእሱ ካምቢዮ ሳይስተካከል በቢትል ላይ ቢገጠም መኪናው አራት የኋላ ማርሽና አንድ የፊት ማርሽ ይኖረዋል። ይህን ለማወቅ ካምቢዮው መሬት ላይ እያለ አንደኛ ማርሽ ይገባል፤ ከዚያ ከሞተር የሚመጣውን ኃይል የሚቀበለው ዘንግ ከኋላ ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ ይዞራል። አክስሉ ወደ ፊት የሚዞር ከሆነ ትክክል ነው።

ተለዋጭ ሞተርን መመርመር

ያገለገለ ሞተር ሲገዛ ቢቻል ተነስቶ መሰማት አለበት። ካልተቻለ የሚከተለው ቀላል ምርመራ ይደረጋል። ቺንጋው የሚዞርበት የታችኛው ፑሌጃ በሁለት እጅ ተይዞ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይገፋል፣ ይሳባል። የሚፈቀደው እንቅስቃሴ እስከ 0.15 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ በእጅ ብዙም አይታወቅም። «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ከተሰማ የክራንክሻፍቱ ማረፊያ ተበልቷል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ሞተር ሙሉ በሙሉ ሳይፈታ አይታደስም።

በሞተሩ ዙሪያ ያሉት ላሜራዎችም መቆጠር አለባቸው። ብዙ ሰው እንደ ጌጥ ቆጥሮ ይጥላቸዋል፤ ነገር ግን ማራገቢያው የሚገፋውን አየር ወደ ሲሊንደሮቹ የሚመሩት፣ የጋለውንም አየር ተመልሶ እንዳይገባ የሚከለክሉት እነሱ ናቸው። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ላሜራው ሲጎድል ከመጠን በላይ ይግላል። በላሜራውና በመኪናው አካል መካከል ያለው ጎማም ለዚሁ ሥራ ነው።

ሞተርና ካምቢዮ ተለያይተው ባሉበት ጊዜ የሚለወጡ ርካሽ ዕቃዎች አሉ፦ ከቮላኖው ጀርባ ያለው የዘይት መከላከያ ጎማ፣ የካምቢዮው ዘንግ መከላከያ ጎማ፣ የፍሪሲዮን ኩሽኔታና የቤንዚን ጎማ ቱቦዎች። ዋጋቸው ትንሽ ነው፤ በኋላ አንዱ ቢበላሽ ግን ለእሱ ሲባል ሞተሩ እንደገና መውረድ አለበት።

ቦታና መሣሪያ

ቦታው ጠንካራና ደልዳላ፣ ቢቻል ሲሚንቶ መሆን አለበት። አፈር ወይም አስፋልት ላይ ክሪክ ይሰምጣል። አየር እንደ ልብ የሚገባበት ቢሆን ይመረጣል። ሥራው ከአንድ ቀን በላይ ሊወስድ ስለሚችል መኪናው ሳይነካ የሚያድርበት ቦታ ያስፈልጋል።

ዋና ዋናዎቹ መሣሪያዎች የሚከተሉት ናቸው፦
• ጎማ ያለው ጠንካራ ክሪክ፣ ሞተሩን ደግፎ ለማውረድ
• ሁለት የብረት መቆሚያዎች፣ መኪናውን ለመሸከም
• ከ10 እስከ 19 ያሉ ቁልፎችና ቡሶላዎች፣ በተለይ 17 ቁጥር
• 36 ቁጥር ቡሶላና ረጅም እጀታ
• ማጥበቂያ ኃይልን የሚለካ ቶርክ ቁልፍ
• ዲስኮውን መሃል ለማስያዝ የሚያገለግል ዘንግ
• የእሳት ማጥፊያ

36 ቁጥሩ ቡሶላ ሁለት ሥራ አለው። ቮላኖውን የሚይዘውም ሆነ የኋላ ጎማ አክስሎችን የሚይዘው ዳዶ በዚሁ ቁጥር የሚፈታ ሲሆን ሁለቱም እስከ 300 ኒውተን ሜትር ድረስ የሚጠብቁ ናቸው። የአክስሉ ዳዶ መላላት ያለበት መኪናው በጎማው መሬት ላይ ቆሞ ሳለ ነው። በመቆሚያ ላይ ያለን መኪና በዚህን ያህል ኃይል መታገል መኪናውን ሊጥለው ይችላል።

ጥንቃቄ

በዚህ ሥራ ሕይወት የሚያጠፉት አደጋዎች ሁለት ናቸው፤ የመኪና መውደቅና እሳት።

ክሪክ የተሠራው ለማንሳት እንጂ ለመሸከም አይደለም። መኪናው ከፍ እንዳለ በብረት መቆሚያዎች ላይ ማረፍ አለበት። የፊት ጎማዎቹም በሽብልቅ ይታገዳሉ። ብሎኬት፣ ጡብና የተደራረበ ድንጋይ ለመቆሚያነት አይሆኑም፤ ያለ ምልክት ተሰነጣጥቀው በአንዴ ይፈርሳሉ። ከሥር ከመገባቱ በፊት መኪናው ከጎን በኃይል ተገፍቶ ይሞከራል። ሞተሩ ከነካርቡራተሩ ከኋለኛው የመኪናው ጠርዝ ሥር ማለፍ ስላለበት የሚያስፈልገው ከፍታም አስቀድሞ ይለካል።

የቢትል የቤንዚን ታንክ ከፊት ሆኖ ከሞተሩ ቱቦ ከፍ ብሎ ይገኛል። ስለዚህ ቱቦው በተፈታ ቅጽበት ቤንዚን በራሱ ይፈስሳል። ከመፈታቱ በፊት ቱቦውን የሚደፍን ብሎን መዘጋጀት አለበት። የሞተሩና የካምቢዮው አካል ከማግኒዚየም ድብልቅ የተሠራ ነው። ማግኒዚየም አንዴ ከተቀጣጠለ በውሃ አይጠፋም፤ ውሃ እንዲያውም ያባብሰዋል። ስለዚህ እሳት እንዳይነሳ መከላከል ከማጥፋት ይቀድማል። ባትሪው የሚገኘው በኋላ መቀመጫ ሥር ሲሆን ከሁሉ በፊት የኔጋቲቭ ገመዱ ይፈታል። በአካባቢው ሲጋራ፣ ከሰልና የሚበራ ምድጃ አይኖርም።

የማውረድ ቅደም ተከተል

1. ባትሪው ይፈታል። የዲናሞው፣ የኮይሉ፣ የካርቡራተሩና የዘይት ግፊት ገመዶች ፎቶ ተነስተው ምልክት ከተደረገባቸው በኋላ ይነቀላሉ።
2. የቤንዚን መስጫው ገመድ ከካርቡራተሩ ላይ ይፈታል፤ የማሞቂያው ገመዶችና ቱቦዎች ይለቀቃሉ፤ የቤንዚን ቱቦው ተነቅሎ ይደፈናል።
3. መኪናው ተነስቶ በመቆሚያዎቹ ላይ ያርፋል። የታችኞቹ ሁለት ዳዶዎች ይፈታሉ።
4. ክሪኩ ከሞተሩ ሥር ገብቶ ክብደቱን ይቀበላል። ከዚያ የላይኞቹ ሁለቱ ይፈታሉ። ብሎኑ አብሮ ስለሚዞር አንድ ረዳት ከሥር መያዝ ይኖርበታል፤ ከእነዚህ አንዱ ሞተሪኖውንም አብሮ ይይዛል።
5. ሞተሩ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይሳባል። የካምቢዮው ዘንግ ከዲስኮው ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ወደ ታች መውረድ የለበትም፤ በዘንጉ ላይ ከተንጠለጠለ ዲስኮው ይጣመማል።
6. ካምቢዮው የሚወርድ ከሆነ ከኋላ መቀመጫው ሥር ባለው ክዳን በኩል የማርሽ ዘንጉ መጋጠሚያ ይፈታል። የፍሪሲዮን ገመዱና ወደ ሻንሲው የሚሄደው የኤሌክትሪክ ሽቦም ይፈታሉ፤ እንደ አክስሉ ዓይነት የፍሬን ቱቦዎችና የእጅ ፍሬን ገመዶች ይከተላሉ።

የእያንዳንዱ ደረጃ ብሎኖች በተለያየ ላስቲክ ተከትተው ስም ይጻፍባቸዋል።

መልሶ መግጠምና ማስነሳት

አራቱ የሞተር ማሰሪያዎች የሚጠብቁት በ30 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው። ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር በእጅ ተገፍቶ ሙሉ በሙሉ መገናኘት አለበት፤ ክፍተት እያለ በብሎን መሳብ የማግኒዚየሙን አካል ይሰነጥቃል። ወደ ሞተሩ 2.5 ሊትር ያህል ዘይት ይገባል፤ የካምቢዮው ዘይትም እስከ መሙያው አፍ ድረስ ይሞላል።

ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት የኮይሉ ሽቦ ተነቅሎ የዘይት ግፊት መብራቱ እስኪጠፋ በሞተሪኖ ይዞራል። በዚህም ዘይት ወደ ማረፊያዎቹ አስቀድሞ ይደርሳል። የፍሪሲዮን ፔዳሉ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ባዶ እንቅስቃሴ ሊኖረው ይገባል። ሞተሩ ሲነሳ በመጀመሪያ የሚታየው የቤንዚን ቱቦው መጋጠሚያ ነው፤ ትንሽ ጠብታ እንኳ ካለ ወዲያው መጥፋት አለበት።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ጋራዦች የሚሠራባቸው ብዙ የመኪና ክፍሎች ስሞች ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ሞተሪኖ፣ ቮላኖ፣ ኩሽኔታ፣ ቺንጋ፣ ዳዶና ብሎን ከእነዚህ ውስጥ ይገኙበታል። የመኪናው መመሪያዎች ግን በእንግሊዝኛ ወይም በጀርመንኛ የተጻፉ ስለሆኑ ጀማሪው ሁለቱንም ስያሜዎች ማወቅ ይጠቅመዋል።

የሞተር ቁጥርና የሻንሲ ቁጥር በመኪናው ሊብሬ ላይ ተመዝግበው ይገኛሉ። ሞተር ሲቀየር በመኪናው ላይ ያለው ቁጥር ሊብሬው ላይ ካለው ጋር ስለማይመሳሰል ለውጡ በመንገድ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት መመዝገብ አለበት። ስለዚህ ያገለገለ ሞተር ሲገዛ የግዢ ውልና የቀድሞው ባለቤት ሰነድ አብሮ መቀበል ከቅያሪው ዝግጅት የሚቆጠር ነው፤ ሰነድ የሌለው ሞተር ርካሽ ቢሆንም ለምዝገባም ሆነ መኪናውን መልሶ ለመሸጥ ያስቸግራል።