የኪዮቶ «ማዕድ ቤት» በገበያተኛና በጎብኚ መካከል

በጃፓን የቀድሞ ርዕሰ ከተማ በኪዮቶ እምብርት ላይ የሚገኘው የኒሺኪ ገበያ ይፋዊ ፈቃድ ካገኘ ከአራት መቶ ዓመት በላይ አስቆጥሯል። ርዝመቱ 390 ሜትር ያህል ነው። ስፋቱ በጠባቡ በኩል ከሦስት ሜትር ብዙም አይበልጥም። በዚህች ቀጭን መንገድ ግራና ቀኝ ወደ 130 የሚጠጉ ሱቆች ትከሻ ለትከሻ ተደርድረዋል። የምግብ ቤት ባለቤቶችና የቤት እመቤቶች ዓሣውንና አትክልቱን ከዚሁ ሲሸምቱ በመኖራቸው የከተማው ሰው «የኪዮቶ ማዕድ ቤት» ይለዋል። ዛሬ ግን በመንገዱ ላይ ጎልቶ የሚታየው ዘንቢል ያንጠለጠለ ሸማች ሳይሆን ካሜራ ያነገተና አስጎብኚ የሚከተል የውጭ አገር ሰው ነው።

ገበያውን በእግር ማስጎብኘት ራሱን የቻለ ንግድ ሆኗል። አስጎብኚው ጥቂት ሰዎችን ሰብስቦ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ይመራል፤ በየሱቁ እየቆመ ያስረዳል፤ ያስቀምሳል። ሳይቆሙ ቢሄዱት አሥር ደቂቃ የማይፈጀው መንገድ በዚህ ዓይነት ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል። እኛም አንባቢያችንን ይዘን ከምዕራቡ መግቢያ እንነሳ።

ገበያውን ያዳነው ሠዓሊ

በዚህ በኩል አስቀድሞ የሚነሳው ስም የኢቶ ጃኩቹ ነው። ጃኩቹ እ.ኤ.አ. በ1716 በዚሁ ገበያ ከአትክልት ጅምላ ነጋዴ ቤተሰብ ተወለደ። አርባ ዓመት ሲሆነው ንግዱን ለወንድሙ አስረክቦ ሙሉ በሙሉ ወደ ሥዕል ገባ። በተለይ በዶሮ ሥዕሎቹ ዛሬ ከጃፓን ታላላቅ ሠዓሊያን አንዱ ሆኖ ይቆጠራል።

የገበያው ሰዎች ግን የሚያነሱት በሥዕሉ ብቻ አይደለም። በ1771 ተፎካካሪ ገበያ ባስነሳው ክርክር ኒሺኪ የመዘጋት አደጋ ሲያንዣብብበት፣ ሠዓሊው ብሩሹን አስቀምጦ ከባለሥልጣናቱ ጋር ተሟገተ። ጉዳዩ ሦስት ዓመት ያህል ፈጅቶ፣ በ1774 ነጋዴዎቹ በየዓመቱ ጥሬ ብር እየከፈሉ ንግዳቸውን እንዲቀጥሉ ተፈቀደ። ማታ ሱቆቹ ሲዘጉ በመዝጊያዎቻቸው ላይ የጃኩቹ ሥዕሎች ቅጂ ይታያል።

ቀና ብሎ ጣሪያውን ላየ የሀገራችን ሰው ደግሞ ቀለማቱ እንግዳ አይሆኑበትም። መንገዱን ከዳር እስከ ዳር የሸፈነው ጣሪያ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ነው።

ምስጢሩ ከመሬት በታች

ኪዮቶ ከባሕር የራቀች ከተማ ናት። ማቀዝቀዣ ባልነበረበት ዘመን ዓሣ ነጋዴዎችን ወደ ኒሺኪ የሳባቸው የጉድጓድ ውኃው ነበር። ሙቀቱ ክረምት ከበጋ በ17 እና በ18 ዲግሪ መካከል ስለሚቆይ ዓሣው ቶሎ አይበላሽባቸውም። የቶኩጋዋ መንግሥት በ1615 ለዓሣ ጅምላ ንግድ ይፋዊ ፈቃድ ሰጣቸው።

በሃያኛው ክፍለ ዘመንም ገበያው ሁለት ከባድ ፈተናዎችን አልፏል። የመጀመሪያው የመጣው በ1927 ነው። በጃፓን የመጀመሪያው ማዕከላዊ የጅምላ ገበያ በዚያው በኪዮቶ ሲከፈት፣ ብዙ ዓሣ ነጋዴዎች ወደዚያ ተዛወሩና ሱቆች ባዶ ቀሩ። ክፍተቱን የአትክልት፣ የሥጋና የሌላ ሸቀጥ ነጋዴዎች ሞሉት። ኒሺኪ ከዓሣ ተራነት ወጥቶ የሁሉም ዓይነት ምግብ ገበያ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለተኛው ፈተና በ1960ዎቹ መጀመሪያ መጣ። በአቅራቢያው ለባቡር መሥመር ከመሬት በታች በተካሄደ ቁፋሮ የጉድጓዶቹ ውኃ ሲደርቅ፣ ነጋዴዎቹ ተባብረው የጋራ ጉድጓድ አስቆፈሩ።

መጋረጃም ንብረት ነው

ወደ መሐል ሲዘልቁ አስጎብኚው ከሚያሳያቸው ነገሮች አንዱ በየሱቁ ደጃፍ የተንጠለጠለው ስም የተጻፈበት መጋረጃ ነው፤ «ኖሬን» ይባላል። ነገሩ ከጌጥነት ያለፈ ነው። በጃፓን የሂሳብ አያያዝ አንድ ድርጅት ሲሸጥ ከተጣራ ንብረቱ በላይ ለመልካም ስሙና ለደንበኞቹ የሚከፈለው ዋጋ የሚመዘገበው በዚሁ በ«ኖሬን» ስም ነው። ለብዙ ዓመታት በታማኝነት ያገለገለ ሠራተኛም በአሠሪው ስም የራሱን ሱቅ እንዲከፍት ሲፈቀድለት «መጋረጃ ማካፈል» ይሉታል።

በ1560 በሰይፍ አንጥረኝነት ሥራውን የጀመረው አሪትሱጉ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የሰይፍ ዘመን ሲያልፍ ወደ ወጥ ቤት ቢላዋ ዞሮ በኒሺኪ ይነግዳል። ገዢው ከፈለገ ስሙ በቢላዋው ላይ ይቀረጽለታል።

ከሱቅ ሱቅ ሲያልፉ የአኩሪ አተር ወተት ሲፈላ ከላዩ የሚገፈፈው ስስ ልባስ «ዩባ»፣ በጨው የተቀመመ የኪዮቶ አትክልት፣ እየተጠቀለለ የተጠበሰ እንቁላል፣ ለሾርባ የሚፋቅ ደረቅ ዓሣ ይታያል። ሁሉም ዋጋው ተለጥፎበታል፤ «መጨረሻውን ንገረኝ» ብሎ መከራከር በዚህ አገር የተለመደ አይደለም። ከ2021 ወዲህ የሚለጠፈው ዋጋ የሽያጭ ታክስን ጨምሮ እንዲሆን ሕጉ ያስገድዳል። በ2019 የወጣው ደንብ ደግሞ ይዘውት ለሚሄዱት ምግብ 8 በመቶ፣ ሱቁ ውስጥ ተቀምጠው ለሚበሉት 10 በመቶ ታክስ እንዲከፈል አድርጓል።

የእንጨቱ ጥብስ ጣጣ

አሁን የገበያውን መልክ እየለወጠ ያለው በእንጨት ተሰክቶ የሚሸጠው ምግብ ነው። ከሁሉም የታወቀው ጭንቅላቱ ውስጥ የድርጭት እንቁላል የተከተተበት ትንሽ ኦክቶፐስ ነው። ጎብኚው ፎቶ ያነሳል፣ ይበላል፣ ያልፋል። ለባለሱቁ ሂሳቡ ቀላል ነው። ዓሣውን በኪሎ ከሚሸጠው ይልቅ በእንጨት ሰክቶ ቢሸጠው ያተርፋል፤ ገዢውም ሞልቷል።

ይሁን እንጂ መንገዱ ጠባብ ነው። ለእራት የሚሆናትን ልትሸምት የመጣች የሠፈር ሰው በሕዝቡ መሐል መተላለፊያ ስታጣ፣ ጥቂት እርምጃ አልፋ ወደ ዳይማሩ ትልቅ መደብር የምግብ ክፍል ትገባለች። የገበያው ማኅበር ጎብኚዎች እየሄዱ እንዳይበሉና የገዙትን በገዙበት ሱቅ ፊት ቆመው እንዲጨርሱ የሚያሳስብ ማስታወቂያ ለጥፏል። ማሳሰቢያው ቆሻሻውንና ግፊያውን ሊቀንስ ይችላል፤ የሄደችውን ደንበኛ ግን አይመልስም።

ደንበኛ ማጣት ምን ማለት እንደሆነ የኮሮና ወረርሽኝ አሳይቷል። በ2019 ጃፓንን የጎበኙ የውጭ ሰዎች ወደ 32 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ። ድንበሩ በተዘጋበት በ2021 ቁጥሩ ከ250 ሺህ በታች ወረደ። በራሳቸው የሚጓዙ ጎብኚዎች እንደ ቀድሞው መግባት የጀመሩት በኦክቶበር 2022 ነው። በእነዚያ ዓመታት ለጎብኚ ብቻ ይጠብስ የነበረ ሱቅ የሚሸጥለት ሰው አልነበረውም፤ ለኪዮቶ ምግብ ቤቶችና ቤተሰቦች የሚያቀርበው ግን ቢቀንስም ደንበኛ አላጣም። በ2024 ጎብኚው ከ36 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ሲመለስ፣ የእንጨቱ ጥብስም አብሮ ተመለሰ።

ከመጨረሻው በር

ጉብኝቱ በምሥራቅ ጫፍ በኒሺኪ ቴንማንጉ ቤተ መቅደስ ያበቃል። የመግቢያው ቅስት ጫፎች በግራና በቀኝ ካሉት ሕንጻዎች ግድግዳ ውስጥ ገብተዋል። በግቢው ውስጥ ገበያውን የወለደው ያ የከርሰ ምድር ውኃ ይፈሳል፤ ማንም በነፃ ይጠጣዋል።

ለመጎብኘት ያሰበ ሰው አንዳንድ ሱቆች ረቡዕ ወይም እሑድ ስለሚዘጉ ሌላ ቀን ቢመርጥና ሕዝቡ ሳይበዛ በጠዋቱ ቢደርስ ይሻለዋል። ጥቂት ጥሬ ገንዘብም ቢይዝ አይጎዳም። በእንጨት ከተሰካው ይልቅ ዩባውን ወይም በጨው የተቀመመውን አትክልት ጠቅልሎ ቢገዛ ደግሞ ገበያውን ይረዳል።

የኒሺኪ ነጋዴ ምርጫው ቀላል አይደለም። የጎብኚው ገንዘብ ዛሬ በእጁ ላይ ነው። ይሁንና ጎብኚው አስጎብኚ ቀጥሮ የሚመጣው የኪዮቶ ሰው ሲሸምት ለማየት ነው። ያ ሸማች ጨርሶ ከቀረ መንገዱ በየትም አገር ከሚገኝ የመክሰስ መሸጫ አይለይም። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» እንዲሉ፣ ገበያውን በ1774ም ሆነ በ2021 ያቆዩት ሠፈርተኞቹ ናቸው።