የእርዳታ ገንዘብ እንዴት ይሰበሰባል?

ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት የሚባለው የሚያገኘውን ገንዘብ ለባለቤቶች የማያከፋፍል፣ ለተቋቋመለት በጎ ዓላማ ብቻ የሚያውል ድርጅት ነው። ብዙዎቹም ወጪያቸውን በአብዛኛው የሚሸፍኑት ሌሎች በፈቃዳቸው ከሚለግሱት ነው። ስለዚህ ከማን፣ ለምንና እንዴት እንደሚጠይቅ አስቀድሞ ማሰብ ይኖርበታል።

ነገሩን ከጂቡቲ ከተማ ወደብ ተነሥተን እንመልከት። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት፣ ከባሕር ማዶ ከሚላክላት የእርዳታ እህል አብዛኛው የሚራገፈው በዚህ ወደብ ነው። ነሐሴ 24 ቀን 2014 ዓ.ም. «ብሬቭ ኮማንደር» የተባለች መርከብ 23,000 ቶን የዩክሬን ስንዴ ጭና ጂቡቲ ደረሰች። ስንዴውን ለኢትዮጵያ የላከው የዓለም የምግብ ፕሮግራም ነበር። ይህ ድርጅት የተባበሩት መንግሥታት አካል ቢሆንም፣ አባል አገሮች በግዴታ የሚከፍሉት መዋጮ የለውም፤ የሚተዳደረው እንደ ማንኛውም በጎ አድራጊ ማኅበር በልግስና ነው። ለዚያች መርከብም የአሜሪካ መንግሥት የተራድኦ ድርጅት፣ የሃዋርድ ባፌት ፋውንዴሽንና ሚንደሩ ፋውንዴሽን ገንዘብ ሰጥተዋል።

ሆኖም የስንዴ ዋጋ ከወጪው አንዱ ክፍል ብቻ ነው። የመርከብ ኪራይ፣ የማራገፊያ፣ የጆንያ፣ የመጋዘን፣ የነዳጅና የሾፌር ደመወዝ አለ። ለጋሾች ግን «ለተራበ ሰው እህል ገዛሁ» ማለትን ይወዳሉ፤ «የሒሳብ ሠራተኛ ደመወዝ ከፈልሁ» ብሎ የሚደሰት ሰው እምብዛም አይገኝም። ለጋሹን ላለማስቀየም ሲል ይህን ወጪ የሚደብቅ ድርጅት የሚጎዳው ራሱንና ተረጂውን ነው። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ሰዎች እርዳታ ባስፈለጋቸው ጊዜ፣ ስንዴና ማዳበሪያ የጫኑ መርከቦች በአንድነት ስለደረሱ ጂቡቲ ላይ ወረፋ ይጠብቁ ነበር። የተገዛ እህል እንኳ በባሕር ላይ ቆሞ ሊውል ይችላል ማለት ነው።

ሌላው መንገድ ከብዙ ሰው ጥቂት ጥቂት መጠየቅ ነው። ግንቦት 8 ቀን 1973 ዓ.ም. የኦስትሪያው ተዋናይ ካርልሃይንስ ቦም በጀርመን ቴሌቪዥን ቀርቦ፣ ከተመልካቹ ሲሶው እንኳ አንድ ማርክ፣ አንድ የስዊስ ፍራንክ ወይም ሰባት ሺሊንግ አይሰጥም ሲል ተወራረደ። የተሰበሰበው ከ1 ሚሊዮን ማርክ በላይ ሆነ። ቦምም ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ «ሰዎች ለሰዎች» የተባለውን ድርጅት መሠረተ፤ በሐረርጌም በኤረር ሸለቆ ሥራ ጀመረ። የጥያቄው ጥበብ ከማናቸውም ኪስ የማይጠፋ መጠን መጥራቱ ነው።

ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም። የዕድር አባል በየወሩ ጥቂት ብር የሚከፍለው ሐዘን እስኪደርስበት ሳይጠብቅ ነው። የጂቡቲ ሶማሌዎች ደግሞ «ቃራን» የሚሉት መዋጮ አላቸው፤ እርሱ ግን እንደ ዕድር በየወሩ የሚከፈል ሳይሆን፣ አንድ ሰው ሲቸገር ዘመድ ጎረቤቱ የሚያዋጣለት ነው። ዕድር ሒሳቡን በአባላቱ ፊት ያቀርባል፤ ገንዘቡ የት እንደ ዋለ ያየ አባልም በሚቀጥለው ወር ሳይጠየቅ ይከፍላል። ትልልቆቹ ድርጅቶች ለለጋሾቻቸው ዘገባ የሚልኩት በዚሁ ምክንያት ነው።

በአንድ ለጋሽ ብቻ መደገፍ ግን አደጋ አለው። ከላይ ከተጠቀሱት ሦስት ለጋሾች አንዱ የሆነው የአሜሪካ መንግሥት የተራድኦ ድርጅት ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. እርዳታ መስጠቱን አቁሟል። የእርሱን ድጋፍ ብቻ ይዘው ይሠሩ የነበሩት ማኅበሮች፣ ሌላ ለጋሽ ፍለጋ የተነሡት ገንዘቡ ከቆመ በኋላ ነው።