የማይጠራቀም መድኃኒትና የልብ ሕሙማን ወረፋ

ደረቱን የሚያመው ወይም ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ፣ ደም ወደ ልብ ጡንቻ በሚገባ መድረሱን በካሜራ የሚያሳይ ምርመራ ሊታዘዝለት ይችላል። ከዚያ ቀጠሮ መጠበቅ ይመጣል። ለመሆኑ ወረፋው ለምን ይረዝማል? የመሣሪያና የባለሙያ ማነስ ድርሻ እንዳለው አይካድም። ሆኖም ብዙዎቻችን ልብ የማንለው ሌላ ምክንያት አለ። በዚህ ዝግጅታችን በካናዳ የደረሰውን በማንሳት እንመለከተዋለን።

በምርመራው ቴክኒሺየም 99ኤም የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ከሌላ መድኃኒት ጋር ተዋህዶ በደም ሥር ይሰጣል። ንጥረ ነገሩ ደም በደረሰበት የልብ ጡንቻ ላይ ሲያርፍ ጋማ ካሜራ የሚባለው መሣሪያ ያነሳዋል። ብዙውን ጊዜ ሥዕሉ ሁለቴ ይነሳል፤ አንዴ ልብ ዕረፍት ላይ ሳለ፣ አንዴ ደግሞ በእንቅስቃሴ ወይም በመድኃኒት ሥራ ከበዛበት በኋላ። የደም እጥረቱ ሥራ ሲበዛ ብቻ ከታየ የደም ሥር መጥበቡን ይጠቁማል። በሁለቱም ጊዜ ከታየ ግን የቀድሞ ጉዳት ጠባሳ ሊሆን ይችላል።

ችግሩ የሚመነጨው ከንጥረ ነገሩ ጠባይ ነው። ቴክኒሺየሙ በየ6 ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። የሚገኝበት ሞሊብዴነም 99ም ቢሆን በ66 ሰዓት ገደማ በግማሽ ይጎድላል። ስለዚህ ለክፉ ቀን ተብሎ በመጋዘን አይቀመጥም። በዓለም ላይ ባሉ ጥቂት የኑክሌር ማብላያዎች እየተመረተ ሳያቋርጥ ለሆስፒታሎች መድረስ አለበት።

በኦንታሪዮ፣ ቾክ ሪቨር የነበረው ማብላያ እ.ኤ.አ. በ1957 ሥራ የጀመረ ነበር። በኖቬምበር 2007 ለጥገና ከቆመ በኋላ የደኅንነት ጥያቄ ተነስቶበት ሳይከፈት ቆየ። እጥረቱ ሲጠና የአገሪቱ ፓርላማ በዲሴምበር ልዩ ሕግ አውጥቶ ሥራ እንዲጀምር አደረገ። በሜይ 2009 ግን ማብላያው ውኃ ማፍሰሱ ታውቆ እንደገና ቆመ፤ የተከፈተው በኦገስት 2010 ነው። ይህ ሳይበቃ በሆላንድ ፔተን የሚገኘው ሌላው ትልቅ ማብላያ በፌብሩዋሪ 2010 ለጥገና ተዘጋ። ሁለቱ በአንድ ላይ በቆሙባቸው ወራት ቀጠሮዎች ተገፉ። ሐኪሞች ሕሙማንን በጉዳታቸው ክብደት ደረጃ ሰጥተው ማስቀደም፣ አንዳንዶቹንም ወደ ሌላ ዓይነት ምርመራ ማዛወር ግድ ሆነባቸው። የቾክ ሪቨር ማብላያ በማርች 2018 እስከ መጨረሻው ተዘግቷል። በኦክቶበር 2024 ደግሞ ፔተን በገጠመው ብልሽት እንግሊዝን ጨምሮ እጥረቱ ዳግም ተከስቷል።

እንግዲህ ተራ የደረሰው ሰው ምን ያድርግ? አንደኛ፣ መድኃኒቱ የሚዘጋጀው ለዚያ ቀን ስለሆነ መቅረት ካለበት አስቀድሞ ይደውል። ሳይነግር ከቀረ የሌላ ሕመምተኛ ዕድልም አብሮ ይባክናል። ሁለተኛ፣ ቡና፣ ሻይና ኮካ ለምርመራው የሚሰጠውን መድኃኒት ሥራ ሊያከሽፉ ስለሚችሉ ሆስፒታሉ እንዳዘዘው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት፣ መተው ያስፈልጋል። አንድ ስኒ ቡና የወራት ጥበቃን ከንቱ ሊያደርግ ይችላል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም አስቀድማ ትናገር። ቀጠሮው በረመዳን ከዋለ፣ ለታመመ ሰው ጾሙን በሌላ ቀን እንዲተካ ስለተፈቀደለት፣ ተራውን ከመልቀቁ በፊት ሐኪሙንና የሃይማኖት አዋቂን ያማክር።

ከሁሉም በላይ ወረፋው እንደ ሕመሙ ክብደት የሚቀዳደም መሆኑን እናስታውስ። ታላላቆቻችን ሐኪም «እንዴት ነዎት?» ሲላቸው ለጎረቤት እንደሚመልሱት «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ይላሉ። ምስጋናው መልካም ነው፤ ሕመሙ ግን በመዝገቡ ላይ ሳይጻፍ ይቀራል፤ ተራቸውም ከኋላ ይሆናል። ስለዚህ አብረው የሚሄዱ ልጆች የአባታቸውን መልስ ብቻ ተርጉመው ዝም አይበሉ። ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ ስንት እርምጃ ሲሄዱ እንደሚያቆማቸው፣ ካለፈው ወር መባሱን አክለው ይንገሩ። የደረት ሕመም በዕረፍት ላይ ሳሉ ከመጣ፣ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ ከተዛመተ፣ ላብና ትንፋሽ ማጠር ከታከለበት ግን ቀጠሮ አይጠበቅም። በካናዳ ያሉ ወዲያውኑ 911 ይደውሉ።