በመንገድ ላይ ስለሚያቅለሸልሽ ሕመምና ስለ መከላከያው

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም በአውቶቡስ የሄደ ሰው ሁሉ የዓባይን በረሃ ያስታውሳል። መንገዱ ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ከ1000 ሜትር በላይ ወደ ወንዙ ይወርድና መልሶ ወደ ደጀን ይወጣል፤ ርቀቱም 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቁልቁለቱ ሲጀመር ረዳቱ ፌስታል ያድላል። ባለፈው ዕረፍት እኔም ከተቀባዮቹ አንዱ ነበርሁ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት «ልጄ፥ ሳትበላ ስለ ወጣህ ነው» ሲሉኝ፥ ከኋላዬ ያሉት አባት «የለም፥ በልቶ ስለ ወጣ ነው» አሉ። ሁለቱም የከሰሱት ሆድን ነው። ነገር ግን ሆድ በዚህ ሕመም ተበዳይ እንጂ በዳይ አይደለም።

በውስጠኛው ጆሮአችን ፈሳሽ የያዙ ሦስት የግማሽ ክብ ቅርጽ ያላቸው ቱቦዎች አሉ፤ የራስን መዞር ለአንጐል የሚነግሩት እነርሱ ናቸው። ከአጠገባቸው ያሉ ሁለት ከረጢቶች ደግሞ የመኪናውን መፍጠንና መቆም፥ መውጣትና መውረድ ያስታውቃሉ። ዐይንም በበኩሉ ያየውን ይመሰክራል። እንግዲህ ተሳፋሪው በመጽሐፍ ወይም በስልክ ላይ ሲያቀረቅር ዐይን «አልተንቀሳቀስንም» ሲል፥ ጆሮ «ታጠፍን፥ ወረድን» ይላል። የሁለቱ ምስክርነት ሳይስማማ ሲቀር ላብ ይመጣል፥ ምራቅ ይበዛል፥ በመጨረሻም ትውከት ይከተላል። የጆሮአቸው የሚዛን ክፍል ፈጽሞ ሥራውን ያቆመ ሰዎች በመርከብም ሆነ በመኪና አለመታመማቸው ለዚህ ማስረጃ ነው። ሾፌሩንም ቢሆን ይህ ሕመም እምብዛም አይነካውም፤ መሪውን የሚያዞረው ራሱ ስለ ሆነ ኩርባውን አስቀድሞ ያውቀዋልና።

ስለዚህ ተሳፋሪ በተቻለው መጠን ሾፌሩን ይምሰል። ይኸውም፦

አንደኛ፥ ከፊት ይቀመጥ፤ ራሱን በወንበሩ መደገፊያ አስደግፎ ሩቁን መንገድና ተራራ ይመልከት፤ አያንብብ።

ሁለተኛ፥ ባዶ ሆዱንም ጠግቦም አይነሣ፤ ቅባት የሌለው ጥቂት ምግብ ይበቃዋል። ከመጠጥ ይራቅ።

ሦስተኛ፥ መስኮት ይከፈት። «ንፋስ ይመታናል» እየተባለ ተዘግቶ መሄድ ልማዳችን ነው፤ ነገር ግን የታፈነ አየርና የናፍጣ ሽታ ሕመሙን ያብሳሉ።

አራተኛ፥ ይህ ሁሉ ያልረዳው ሰው ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ጠይቆ እንደ ዲመንሃይድሪኔት ያለውን ክኒን ከመነሣቱ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት በፊት ይውሰድ፤ ማቅለሽለሹ ከጀመረ በኋላ ጥቅሙ ያንሳል። ክኒኑ እንቅልፍ ስለሚያመጣ መኪና የሚነዳ አይውሰደው።

ከወረዱ በኋላ የሚጀምር ትውከትና ተቅማጥ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በመንገድ ከተበላ ወይም ከተጠጣ ነገር ነው። መከላከያውም እጅን በሳሙና መታጠብ፥ በትኩሱ የቀረበ ምግብ መብላትና ንጹሕ ውሃ መጠጣት ነው።

በመጨረሻ አንድ ነገር ላሳስብ። ይህ ሕመም ከሁሉ ይልቅ የሚጸናው ከ2 እስከ 12 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ነው። በአውቶቡሶቻችን ግን የፊቱን ወንበር ጉልበተኛው ቀድሞ ይይዘዋል፤ ልጅ ያላት እናት ከኋላ ጎማ በላይ ትናጣለች። እኛ ተማሪዎች ምክንያቱን ካወቅን ቦታ መልቀቅም የእኛ ተግባር ነው።