ለሂሳብ አያያዝ ዲፕሎማ ምን ይወጣል? ምንስ ይገኛል?

በጦር ሠፈር ቤተሰብ መካከል የትምህርት ነገር በተነሣ ቁጥር ሂሳብ አያያዝ ሳይጠቀስ አይታለፍም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መዝገብ የማይያዝበት መሥሪያ ቤት የለም፤ ሙያውም ቤተሰቡ በተዛወረበት ከተማ ሁሉ አብሮ ይጓዛል። ይሁን እንጂ የሌላውን ገንዘብ መቁጠር ለመማር ከሚመዘገቡት መካከል የራሳቸውን ትምህርት ዋጋ አስቀድመው የሚቆጥሩት ጥቂቶች ናቸው።

ሙያው በአገራችን በመደበኛ ትምህርት መልክ ሥር እንዲሰድ ካደረጉት ተቋማት አንዱ በ1935 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ነው። ሕዝቡ «ኮሜርስ» እያለ የሚጠራው ይህ ተቋም ለብዙ ዓመታት በዲፕሎማ ያስመረቃቸው ሰዎች የባንኩን፣ የመድኑንና የመንግሥት መሥሪያ ቤቱን መዝገብ ሲይዙ ኖረዋል። ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል ነው። ቀድሞ ዲፕሎማ ይባል የነበረው የመካከለኛ ደረጃ ሥልጠና ደግሞ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች «ደረጃ 3»፣ «ደረጃ 4» እየተባለ ይሰጣል። ሰው ግን አሁንም ዲፕሎማ ይለዋል፤ እኛም እንደ ልማዱ እንጠራዋለን።

ወደ ወጪው እንምጣ። ብዙ ሰው ወጪ ሲባል የሚታየው የትምህርት ክፍያው ብቻ ነው። ለስሌት ያህል፣ በግል ኮሌጅ የማታ ትምህርት የምትከታተል አንዲት ወይዘሮ በወር ለትምህርት 1,000 ብር፣ ለመጓጓዣ 600 ብር፣ ለደብተርና ለፎቶ ኮፒ 200 ብር ታወጣለች እንበል። ይህ በወር 1,800፣ በ24 ወር 43,200 ብር ይሆናል። (ጳጉሜ ደመወዝ የላትም፤ የታክሲ ሂሳብ ግን አለባት!) ቁጥሩ ምሳሌ ነውና አንባቢ የራሱን ቁጥር ተክቶ ይደምር። ከምረቃ በኋላ የሚገኘው ደመወዝ ያለ ትምህርቱ ሊገኝ ከሚችለው በወር 1,500 ብር ቢበልጥ፣ የወጣው ገንዘብ የሚመለሰው ሥራ በተያዘ በ29ኛው ወር ነው።

ነገር ግን ይህች ወይዘሮ ለመማር ስትል በወር 1,000 ብር ታስገባላት የነበረችውን የጉሊት ሥራ ትታ ከሆነ፣ የቀረው 24,000 ብር በወጪው ላይ መደመር አለበት። ያን ጊዜ ድምሩ 67,200 ይደርሳል፤ መመለሻውም ወደ 45 ወር ይራዘማል። ማንም ደረሰኝ የማይቆርጥለት ይህ ወጪ ከሁሉ የከበደ ሆኖ ሳለ በቤተሰብ ምክር ላይ ሲነሣ አይሰማም። ባለቤቱ በግዳጅ ላይ ሲሆን ልጆቹን በማታ የሚጠብቅ ሰው ማግኘትም እንዲሁ ዋጋ አለው፤ ጎረቤት በነፃ ቢይዝ እንኳ ውለታው ይቆጠራል።

የመንግሥት ኮሌጅ ክፍያ ከግሉ እጅግ የቀለለ ነው። ቦታ የሚገኝ ከሆነ በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት እርሱ ነው።

ከመማር በኋላ ደግሞ የብቃት ምዘና አለ፤ በተለምዶ «ሲኦሲ» የሚባለው። የኮሌጁን ትምህርት ጨርሶ ምዘናውን ያላለፈ ሰው ጉዞውን በግማሽ መንገድ አቁሟል ማለት ይቻላል፤ በተለይ የመንግሥት ቀጣሪ አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህንኑ የምስክር ወረቀት ነው። ስለዚህ ኮሌጅ ሲመረጥ ከሕንፃው ይልቅ ካስተማራቸው ሰዎች ስንቱ ምዘናውን እንዳለፈ መጠየቅ ይበጃል።

ውጤቱስ? እውነቱን ለመናገር የጀማሪ ደመወዝ አያስደንቅም። የመጀመሪያው ወንበር አብዛኛውን ጊዜ የገንዘብ ያዥነት ወይም የሂሳብ ሠራተኛነት ነው። ገንዘብ ያዥ ለመሆን ደግሞ ዋስ ይጠየቃል፤ ጉድለት ቢገኝ ተጠያቂነቱ በያዡ ላይ ነው። በየከተማው አዲስ የሆነ የሠራዊት ቤተሰብ ዋስ የሚሆነው የቅርብ ሰው ላያገኝ ይችላልና ይህን አስቀድሞ ማሰብ ያሻል። በዚህ በኩል በግምጃ ቤት ያገለገለ ባልደረባ ከሌላው ተማሪ ይቀድማል፤ በሞዴል 19 ገቢ፣ በሞዴል 22 ወጪ ሲያደርግ የኖረ ሰው ዴቢትና ክሬዲት ሲነገረው ባዕድ ነገር አይሆንበትም።

መዝገቡን በእጅ መገልበጥ ብቻ የሚያውቅ ሰው ዘመኑ አልፎበታል። ኮምፒዩተሩ ራሱ ይደምራል፤ ከሠራተኛው የሚፈለገው ፒችትሪን ከመሳሰለ ፕሮግራም ጋር መተዋወቅና ድምሩ ለምን እንዳልገጠመ ማወቅ ነው። ሥራው ግን አልጠፋም። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሲወጣ ዓመታዊ ገቢው 1,000,000 ብርና ከዚያ በላይ የሆነውን ነጋዴ በደረጃ «ሀ» መድቦ የተሟላ የሂሳብ መዝገብ እንዲይዝ አስገድዷል፤ ወሰኑ ከዚያ ወዲህ ቢሻሻልም ግዴታው አለ። አዋጅ ቁጥር 847/2006 ደግሞ የፋይናንስ ሪፖርት በዓለም አቀፍ ደረጃዎች እንዲዘጋጅ ደንግጓል። ይህን ሪፖርት ማዘጋጀት የዲፕሎማ ሰው ሥራ አይደለም፤ ዲግሪና ከዚያም በላይ ይጠይቃል። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ከመዘጋቱ በፊት ደረሰኝ የሚያሰናዳለት ሰው የሚፈልገው የአካባቢው ባለሱቅና ባለወፍጮ ግን ብዙ ነው። ከቋሚ ቅጥር ይልቅ የሦስት አራት ነጋዴዎችን መዝገብ በየወሩ መያዝ ልጆች ለምታሳድግ እናት የሚመች መስሎ ይታየናል።

የቀረው የዝውውር ጉዳይ ነው። ትእዛዙ ቢመጣና ትምህርቱ ገና በመሐል ላይ ቢሆንስ? ሥልጠናው በደረጃ የተከፋፈለ መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል። የሙያ ደረጃው አገር አቀፍ በመሆኑ ደረጃ 3ን አጠናቆ ምዘናውን ያለፈ ሰው የያዘው ወረቀት በሌላ ከተማም ያገለግለዋል። ስለዚህ ዝውውር የሚጠብቅ ቤተሰብ ሁለት ዓመቱን በአንድ ትንፋሽ ከማሰብ ይልቅ አንዱን ደረጃ ዘግቶ ሌላውን ቢጀምር ይሻለዋል። የቤት ዕቃው በመኪና ከመጫኑ በፊትም የውጤት መግለጫው በማኅተም ተረጋግጦ በእጅ ይግባ። ለአንድ ማኅተም ሲባል ተመልሶ መምጣት የሚያስወጣው የጉዞ ገንዘብ ከላይ በደመርነው 43,200 ብር ውስጥ አልተቆጠረም።