መብራት ተመልሶ ሰርቨሩ አልነሳ ሲል

በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው ስለ ግብር፣ ስለ ንግድ ፈቃድና ስለ ኢሚግሬሽን ወረቀቶች ነው። ዛሬ ግን እነዚህ ወረቀቶች ስለሚቀመጡበት ዕቃ፣ ማለትም በሱቅዎ ወይም በቢሮዎ ጓዳ ስለሚገኘው ዋና ኮምፒዩተር ወይም ሰርቨር እንነጋገራለን። ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ ባሉት የወገኖቻችን ምግብ ቤቶች፣ ግሮሰሪዎችና ቢሮዎች፣ የቀን ሽያጩም ሆነ የሠራተኛው ደመወዝ ሂሳብ በአንድ ሳጥን ውስጥ የሚከማችባቸው ብዙ ናቸው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ያ ሳጥን አልነሳ ቢል የሚያስጨንቀው የዕቃው ዋጋ አይደለም። ዕቃው ይገዛል፤ የሦስት ዓመት ሂሳብ ግን ከሱቅ አይገዛም።

መብራት መጥፋት ለአካባቢያችን እንግዳ አይደለም። ጁን 29 ቀን 2012 ዓርብ ማታ «ደሬቾ» የተባለው ብርቱ የነፋስ ማዕበል ዲሲን፣ ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን መትቶ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የኤሌክትሪክ ደንበኞችን ጨለማ ውስጥ ጣለ። ለብዙዎች መብራት የተመለሰው ከቀናት በኋላ ነበር። በዚያው ሌሊት በሰሜን ቨርጂኒያ የሚገኝ አንድ የአማዞን የኮምፒዩተር ማዕከል ጀነሬተሮቹ እንደሚገባ ሳይሠሩ ቀርተው፣ ኔትፍሊክስና ኢንስታግራም ሳይቀሩ ተቋረጡ። ኩባንያው በኋላ እንደገለጸው፣ መብራቱ ከተመለሰ በኋላም ብዙዎቹን ሰርቨሮች መልሶ ማስነሳት ሰዓታት ፈጅቷል። በፌርፋክስ ካውንቲም የ911 የድንገተኛ ጥሪ አገልግሎት ተቋርጦ ነበር። የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በጃንዋሪ 2013 ባወጣው ሪፖርት፣ መጠባበቂያ ኃይሉ በሚገባ ተፈትሾና ተጠብቆ ቢሆን ኖሮ ከደረሰው መቋረጥ ብዙው ሊቀር ይችል እንደነበር አመልክቷል። የመብራት መመለስና የማሽን መመለስ ለትልቁም ለትንሹም አንድ ነገር አይደለም ማለት ነው።

እንግዲህ ሰርቨርዎ አልነሳ ቢል ምን ያደርጋሉ? ከሁሉ በፊት እጅዎን ይሰብስቡ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ቁልፉን ደጋግሞ መጫን የተረፈውን ሊያበላሽ ይችላል። መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ሶኬቱን ነቅለው እስኪረጋጋ ይጠብቁ። ከዚያ በኋላ ማሽኑ የሚቆመው የት ደርሶ እንደሆነ ይመልከቱ።

አንደኛ፣ መብራትም ድምፅም ከሌለው፦ ብዙ ማሽኖች መብራት ከተቋረጠ በኋላ ጠፍተው እንዲቆዩ ተደርገው የተስተካከሉ ስለሆኑ፣ አንድ ጊዜ ቁልፉን መጫን ብቻ ሊበቃ ይችላል። ካልበቃ በዚያው ሶኬት ላይ ሌላ መብራት ሰክተው ይሞክሩ፤ ብሬከሩን ይመልከቱ፤ በመካከል ያለው ዩ.ፒ.ኤስ. የተባለው ባለ ባትሪ መሣሪያም ራሱ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ገመዱን ከነቀሉ በኋላ የማስነሻውን ቁልፍ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ተጭነው ይያዙና መልሰው ይሰኩ። ሰርቨሩ ሁለት ፓወር ሰፕላይ ካለው፣ በአንዱ ብቻ፣ ከዚያም በሌላው ብቻ ይሞክሩት።

ሁለተኛ፣ ማራገቢያው እየዞረ ስክሪኑ ጨለማ ከሆነ፦ ሞኒተሩ ራሱ መብራት ማግኘቱን ያረጋግጡ። ፍላሽ ዲስክ፣ ፕሪንተርና የመሳሰለውን ሁሉ ይንቀሉ። ማሽኑ ጢጥ ጢጥ የሚል ድምፅ ካሰማ ስንት ጊዜ እንደሆነ ቆጥረው ይጻፉ፤ የፋብሪካው መመሪያ ድምፁ የቱን ክፍል እንደሚያመለክት ይናገራል። ብዙ ጊዜ ሜሞሪውን ነቅሎ በሚገባ መልሶ መሰካት ይፈታዋል።

ሦስተኛ፣ ጽሑፍ እየታየ ነገር ግን ቀኑ ከተሳሳተ ወይም «የሚነሳበት ዲስክ አልተገኘም» የሚል ቃል ከመጣ፦ በማሽኑ ውስጥ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ባለ 3 ቮልት ባትሪ አለች፤ ብዙ ጊዜ ሲ.አር. 2032 የምትባለው ናት። ሥራዋ ገመዱ ሲነቀል ሰዓቱን መጠበቅ ነው፤ በብዙ ማሽኖችም ማሽኑ ከየትኛው ዲስክ እንደሚነሳ የሚናገረውን ማስተካከያ ትጠብቃለች። ለዓመታት ሳይጠፋ የኖረ ሰርቨር ባትሪዋ መሞቷን የሚያውቀው መብራት የጠፋ ዕለት ነው። አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ ነጋዴ ደንበኛዬ «ዲስኩ ሞቷል» ተብሎ የአዲስ ሰርቨር ዋጋ እያጠያየቀ ሳለ፣ ሌላ ባለሙያ ይህችን የጥቂት ዶላር ባትሪ ለውጦ፣ ማስተካከያውንም መልሶ፣ ሂሳቡ አንድም ሳይጎድል ተገኝቷል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። ሰርቨርዎ ሬይድ በሚባለው ዘዴ በበርካታ ዲስኮች የሚሠራ ከሆነ፣ የዲስኮቹን ቦታ አያቀያይሩ። ስክሪኑ ላይ «ኢኒሻላይዝ» ወይም «ክሊር» የሚል ምርጫ ቢመጣ አይቀበሉ። ይህ መረጃዎን ሊያጠፋው ይችላል። የስክሪኑን ፎቶ አንሥተው ባለሙያ ይጥሩ።

አራተኛ፣ ዊንዶውስ ጀምሮ መሐል ላይ ከቆመ፦ መብራት ድንገት መጥፋቱ አንድን ጸሐፊ መዝገብ እየጻፈ ሳለ እጁን እንደመያዝ ስለሆነ፣ ማሽኑ የተቋረጠውን ሲያጣራ ጊዜ ይወስዳል። ሥራውን ይጨርስ፤ አያቋርጡት። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ግን ወዲያው ያጥፉት፤ መረጃው በሌላ ዲስክ ሳይገለበጥ ጥገና አይሞከርም።

ማሽኑ ተነሣ ማለት ሂሳቡ ተነሣ ማለት አይደለም። የመጨረሻዎቹን ቀናት የካሽ ሬጂስተር ወረቀትና የባንክ መግለጫ አውጥተው በኮምፒዩተሩ ውስጥ ካለው ጋር ያስተያዩ።

ይህን ሁሉ ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። የፌዴራል ግብር መሥሪያ ቤት የሠራተኞችን የደመወዝ ግብር መዝገብ ቢያንስ ለ4 ዓመት እንዲያቆዩ ይጠይቃል። የአይ-9 ቅጽ ሠራተኛው ከተቀጠረ 3 ዓመት ወይም ሥራ ከለቀቀ 1 ዓመት፣ ከሁለቱ የዘገየው እስኪደርስ መቀመጥ አለበት። የመንግሥት ተቆጣጣሪ ቅጾቹን ለማየት ሲመጣ የሚሰጠው ጊዜ ቢያንስ 3 የሥራ ቀን ነው፤ ሰርቨር ለማስጠገን የማይበቃበት ጊዜ ብዙ ነው። ባለቤትዎን ወይም ወላጅዎን ለማምጣት የአይ-864 ዋስትና ሲፈርሙም የቅርቡን ዓመት የፌዴራል ግብር ማስረጃ ያያይዛሉ። ቀደም ብለው ያስገቡትን ግብር ግልባጭ በ4506-ቲ ቅጽ ያለ ክፍያ ማግኘት ይቻላል፤ ገና ያላስገቡትን ዓመት ደረሰኝ ግን ማንም መሥሪያ ቤት አያስቀምጥልዎትም።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ዛሬውኑ የሚከተለውን ያድርጉ። ሰርቨሩን በዩ.ፒ.ኤስ. ላይ ይሰኩ፤ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሰርቨሩን በሥርዓት እንዲያጠፋውም የሚያገናኛቸውን ገመድ አስገብተው ያስተካክሉ። የዩ.ፒ.ኤሱ ባትሪ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ስለሚያገለግል የገዙበትን ቀን ይጻፉበት። መረጃዎ በሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱም ከሱቁ ውጭ ይቀመጥ። በየሦስት ወሩ ደግሞ ከቅጂው አንድ ፋይል መልሰው ይክፈቱ፤ ያልተሞከረ ቅጂ ካልተሞከረ ጀነሬተር አይሻልም። ለወጪውም አይጨነቁ። በኦዲተር የተመረመረ የሂሳብ መግለጫ የሌለው ነጋዴ፣ በአንድ ዕቃ እስከ 2,500 ዶላር የሚያወጣውን በዚያው ዓመት ወጪ አድርጎ መያዝ ይችላል፤ ይህን መምረጡን የሚገልጽ ጽሑፍ ከግብር ማስታወቂያው ጋር በጊዜው ማያያዝ አለበት። የራስዎን ጉዳይ ግን ከሂሳብ ባለሙያዎ ጋር ይመካከሩበት።

የሚቀጥለው ማዕበል ቀን ቆርጦ አይመጣም። ቸር ይግጠመን።