በእጅ የተሳለ ቅጂ ሥዕልን በቤት መስቀል፦ ትርጉሙ፣ ሕጉና አያያዙ

አምቦ፦ በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪና በሌሎች የምዕራብ ሸዋ ከተሞች እንደ ሌሎቹ የአገሪቱ አካባቢዎች ሁሉ በሳሎን ግድግዳ ላይ ሥዕል መስቀል የተለመደ ነው። ከእነዚህም መካከል ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ፣ የአድዋ ጦርነት እንዲሁም የንግሥተ ሳባ ታሪክ ዋነኞቹ ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ከቀደሙ ሥራዎች በእጅ የተቀዱ ናቸው። እንዲህ ያለ ቅጂ የሚገዛ ሰው ሊገነዘባቸው የሚገቡ ሦስት ጉዳዮች አሉ፤ እነርሱም የሥዕሉ ምሳሌያዊ ትርጉም፣ የባለቤትነት ሕጉና አያያዙ ናቸው።

የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል የአንድ ፈረሰኛን ጀብዱ ብቻ የሚያሳይ አይደለም። ዘንዶው የክፋት፣ ሰማዕቱ የእምነትና የድል ምሳሌ ሲሆኑ፣ ከመሞት የዳነችው ብሩታዊት አብዛኛውን ጊዜ በዛፍ ላይ ሆና ትታያለች። የአድዋ ድል የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት በመሆኑ፣ ሠዓልያን በጦርነቱ ሥዕል ላይ ሰማዕቱን ከሠራዊቱ በላይ በደመና መካከል ያስቀምጡታል።

በነባሩ የአሣሣል ሥርዓት መሠረት ጻድቃንና ወገን የሆኑ ሰዎች ፊታቸው ወደ ተመልካቹ ዞሮ በሁለት ዓይን ይሳላሉ፤ ክፉዎችና ጠላቶች ግን በጎን በኩል፣ በአንድ ዓይን ብቻ ይታያሉ። ስለሆነም ቀጂው ቀለሙንና መልኩን አሳምሮ ይህን ሥርዓት ቢያፋልስ ሥዕሉ ይዞት የነበረውን መልእክት ያጣል። ገዢውም ቅጂውን ሲመርጥ ከቀለሙ ድምቀት አስቀድሞ የዓይኖቹን አሣሣል መመልከት ይኖርበታል።

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ የምትገኘው የአዲስ ዓለም ማርያም ቤተ ክርስቲያን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተመሠረተች ስትሆን፣ የውስጥ ግድግዳዎቿ በሥዕል ያጌጡ ናቸው። የዞኑ ነዋሪዎች ቅጂውን ከነባር ሥራ ጋር ለማነጻጸር ሩቅ መጓዝ አያሻቸውም።

ምሳሌያዊ አሣሣል በዘመናዊው ሥነ ጥበብም ቀጥሏል። የዓለም ሎሬት ሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ በአፍሪካ አዳራሽ የሠሩት 150 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው የመስታወት ሥዕል የአህጉሪቱን ያለፈ ሐዘን፣ ትግሏንና የወደፊት ተስፋዋን በሦስት ክፍል ያሳያል። አዳራሹ ታድሶ በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. ዳግም ተመርቋል።

የሕጉ ልዩነትም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ዘመናትን ያስቆጠሩ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች የጋራ ሀብት በመሆናቸው የአሣሣል ባሕላቸውን ተከትሎ አዲስ ሥዕል መሥራት የቅጂ መብት ጥያቄ አያስነሳም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ግን ለሠዓሊው በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመታት ጥበቃ ይሰጣል። አርቲስት አፈወርቅ ያረፉት በሚያዝያ ወር 2004 ዓ.ም. በመሆኑ የሥራዎቻቸው ጥበቃ እስከ 2054 ዓ.ም. ድረስ ይዘልቃል።

አዋጁ አንድ ግለሰብ ይፋ የሆነን ሥራ ለግል መገልገያው ብቻ በአንድ ቅጂ እንዲያባዛ ይፈቅዳል። ይህ ፈቃድ ለተፈጥሮ ሰው የተሰጠ እንጂ መሥሪያ ቤትን ወይም ቅጂውን አባዝቶ የሚሸጥን ነጋዴ የሚመለከት አይደለም። በመሆኑም ለስብሰባ አዳራሽ ወይም ለእንግዳ መቀበያ የሚሆን ቅጂ የሚያሠራ መሥሪያ ቤት ሥራው በጥበቃ ዘመን ውስጥ ከሆነ አስቀድሞ የመብቱን ባለቤት ፈቃድ ማግኘት አለበት። የዋናውን ሠዓሊ ስም መጥቀስም የሞራል መብቱን ማክበር ነው።

ከዚህ በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ቅጂ ሳይሆን አሮጌ ሥዕል ሲቀርብ ነው። ከየአብያተ ክርስቲያናቱ የሚሰረቁ ቅርሶች ገበያ የሚያገኙት ገዢ በመኖሩ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በይዞታው የሚገኝ ሰው እንዲያስመዘግብ ያስገድዳል፤ ያለፈቃድ ከአገር ማውጣትንም ይከለክላል። ምንጩ ያልታወቀ ጥንታዊ ሥዕል ከመግዛት ይልቅ አዲስ ቅጂ ማሠራት ገዢውን ከተጠያቂነት፣ ቅርሱን ከዘረፋ ይጠብቃል፤ ለሠዓሊውም የእንጀራ ምንጭ ይሆናል። ቀጂው ጀርባው ላይ ስሙንና ዘመኑን እንዲጽፍ ማድረግም ቅጂው ውሎ አድሮ እንደ ጥንታዊ ሥራ እንዳይሸጥ ያግዛል።

አያያዙን በተመለከተ፣ በፍየል ቆዳ ወይም በሸራ ላይ የተሳለ ሥዕል ቀጥተኛ የፀሐይ ብርሃን፣ እርጥበትና ጢስ ይጎዱታል። ቡና ከሚፈላበትና ዕጣን ከሚጨስበት ስፍራ አርቆ መስቀል፣ በጭቃ በተመረገ ግድግዳ ላይ ከሆነም በፍሬሙና በግድግዳው መካከል አየር የሚያሳልፍ ክፍተት መተው ይገባል። አቧራውን በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ማራገፍ እንጂ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ቀለሙን ያስለቅቀዋል።